በሎሚ የታጠበ አንገት

ከባለቤቴ ከተሰማ ጋር እንደ ደህና ሰው ለመጨረሻ ጊዜ አብረን የሠራነው ሥራ ፍራሽ መሙላት ነው። የካቲት በገባ በመጀመሪያው ቅዳሜ፣ ከሰዓት በኋላ ነበር። ከጊደር መጋላ ገበያ አዲስ ጥጥ ገዝቼ መጥቼ፣ ግቢው ውስጥ ሰሌን ዘርግተን፣ አሮጌውን ጥጥ እየፈለቀቅን ከአዲሱ ጋር ቀላቀልነው። ከዚያ እሱ የፍራሹን ልብስ አፍ በሁለት እጁ ከፍቶ ያዘልኝ፤ እኔ ክንዴን እስከ ትከሻዬ እያስገባሁ ጥጡን ወደ ማዕዘኖቹ እገፋለሁ።

«ወጥረህ ያዘው እንጂ!» አልኩት። ጨርቁ በእጁ ላይ እየላላ ነበር።

ቀና ብዬ ሳየው ዓይኑን ጨፍኗል። ጨርቁን እንደያዘ፣ እንደተቀመጠ ተኝቷል።

«ተሰማ!»

«አቤት» አለ ቆይቶ። ድምፁ ወፍሯል፤ አፉ ለምላሱ የጠበበው ይመስላል። «ሰምቼሻለሁ። በረደኝ።»

ፀሐዩ ግቢውን ሞልቶት ነበር። የእኔ ጀርባ በላብ ርሷል። እጁን ብይዘው እንደ ድንጋይ ቀዝቅዟል። ጋቢ ደረብኩለትና ፍራሹን ብቻዬን ሰፋሁት። ይህ የሆነው ቅዳሜ ነው። ረቡዕ ጠዋት ሞተ። በቅዳሜና በረቡዕ መካከል የሆነውን፣ ከዚያም በፊት እኔና እሱ ያደረግነውን ለመጻፍ አንድ ዓመት ተኩል ፈጀብኝ። ቀስ ብዬ ነው የምጽፈው፤ ታገሡኝ።

ያኔ የሠላሳ ዘጠኝ ዓመት ሴት ነበርኩ። ፊደል ያስቆጠሩኝ አባቴ ናቸው፤ ደብተራ ነበሩ። በኋላ በመንግሥት ትምህርት ቤት ተምሬ የአንደኛና የሁለተኛ ክፍል አስተማሪ ሆንኩ። ተሰማ በአሥራ ሁለት ዓመት ይበልጠኝ ነበር። በጠቅላይ ግዛቱ ፍርድ ቤት የመዝገብ ቤት ኃላፊ ነው። ልጅ አልሰጠንም። የምንኖረው ከጁገል ግንብ ውስጥ፣ በፈላና በር በኩል፣ ወይዘሮ ከድጃ ግቢ ሁለት ክፍል ተከራይተን ነው። ወይዘሮ ከድጃ የአገሩ ተወላጅ፣ የሐረሪ ባልቴት ናቸው። ልጃቸው በድሬዳዋ ይነግዳል። እኔ «እትዬ ከድጃ» እላቸዋለሁ፤ እሳቸው እኔን «ልጄ» ይሉኛል።

ስለ ተሰማ አንድ ነገር ማወቅ አለባችሁ። ወረቀት ያምናል። ሠላሳ ዓመት ከመዝገብ ጋር የኖረ ሰው ነው። «ሰው ይረሳል፣ ሰው ይምላል፣ ሰው ይዋሻል፤ የተጻፈና የታተመበት ግን ባለበት ይቆይሻል» ይለኝ ነበር። ቤታችን ውስጥ የውሃ ደረሰኝ እንኳ በወሩ ተሰድሮ ይቀመጣል።

ከዚህ ሁሉ ሦስት ዓመት ቀደም ብሎ ሰውዬው እየደከመ፣ እየዘገየ ሄደ። ፊቱ አበጠ፣ ቆዳው ደረቀ፣ የቅንድቡ ጠጉር ሳሳ። የጁገልን ዳገት በሩጫ የሚወጣ ሰው ሦስት ቦታ ማረፍ ጀመረ። ከግማሽ ዓረፍተ ነገር በኋላ የሚለው ይጠፋበታል። አንዳንዱ «የሰው ዓይን ነው» አለ። ጠበል ወሰድኩት፤ በረደው እንጂ አልተሻለውም። በመጨረሻ ከግንቡ ውጭ ወዳለች፣ ስድስት አልጋ ብቻ ወዳላት ክሊኒክ ሄድን። ሐኪሙ የውጭ አገር ሰው ነው። አማርኛው «ደህና ነህ»ና «አይዞህ» ላይ ያበቃል። የሚያስተረጉመው ቁስል አጣቢው ድሬሰር ኃይሉ ነው። ሐኪሙ የተሰማን አንገት ከኋላው ቆሞ በጣቶቹ ዳሰሰ። ምራቅ እንዲውጥ አደረገው። ከዚያ ኃይሉ እንዲህ ሲል ነገረን፦

«አንገት ውስጥ ያለው ዕጢ ሰውነትን የሚያነቃና የሚያሞቅ ነገር ያመርታል። የእርስዎ ደክሟል። አንገትዎ ያበጠውም ለዚህ ነው። ይህ ክኒን የጎደለውን ይተካል። ዕድሜ ልክ የሚወሰድ ነው።»

«በእንቅርት ላይ ጆሮ ደግፍ አለ ያገሬ ሰው» አለ ተሰማ። «ስንፍናዬም እንቅርት ሆነና ዐረፈው?»

በአንድ ክኒን ጀመረ። ከሁለት ወር በኋላ ሐኪሙ ደም ቀዳ። ክኒን የሚጨመረውም የሚቀነሰውም ደሙ ታይቶ ነው እንጂ በግምት አይደለም አለን። ደሙ በብልቃጥ ሆኖ ወደ ድሬዳዋ፣ ከዚያ በአውሮፕላን ወደ አዲስ አበባ ይሄዳል፤ ውጤቱ በወሩ ገደማ ይመለሳል። ያ የመጀመሪያው ወረቀት «ገና ዝቅተኛ ነው» አለ። ክኒኑ ሁለት ሆነ። እውነት ለመናገር በዚያች ሁለተኛዋ ክኒን ባሌ ተመለሰልኝ። ጠዋት ከእኔ ቀድሞ ይነሣል፤ እየዘፈነ ጢሙን ይላጫል፤ ቢሮውን ያማርራል። ከአንድ ዓመት በላይ እንዲህ ኖርን። ተሰማም ወረቀቱን ይበልጥ አመነ። «አየሽ» ይለኛል፣ «እኔ ድኛለሁ ስል ነበር። ደሜ ግን ገና ነው ብሎ መሰከረብኝ።»

የቀረው የአንገቱ እብጠት ነው። አነሰ እንጂ አልጠፋም። ከረባት ሲያስር ከአንገትጌው በላይ ብቅ ይላል። አንድ የታወቀ ነገረ ፈጅ በሰው መሐል «አቶ ተሰማ፣ ያ የጠፋው መዝገባችን አንገትዎ ውስጥ ነው አሉ፤ እስቲ ይዋጡና እንየው!» አለውና ችሎቱ ሁሉ ሳቀ። ተሰማም አብሮ ሳቀ። ቤት ሲመጣ ግን መስተዋት ፊት ብዙ ቆመ።

ይህን የሰሙት እትዬ ከድጃ ናቸው። በመስቀል ማግሥት ልጃቸው ከድሬዳዋ የላከውን አንድ ጥቁር ብልቃጥ ይዘው መጡ።

«ቢስሚላሂ በይና ማታ ማታ ቀቢው» አሉኝ። «አዮዲን ነው። ለቁስል የሚሉት ውሸታቸውን ነው፣ እንቅርት ያደርቃል። የእህቴን እንቅርት ወላሂ በዓመቱ ሽምብራ አሳክሎታል።»

«ሐኪሙስ?» አልኩ።

«ሐኪሙ የውስጡን ይያዝ፣ እኛ የውጩን እንይዛለን። አቦ! ምን ከፋው?»

በዶሮ ላባ እየነከርኩ ማታ ማታ ከራት በኋላ ቀባሁት። መጀመሪያ ይለበልበዋል፣ ከዚያ ይለምደዋል። አንገቱ የተለፋ ቆዳ መሰለ። እውነትም ያነሰ መሰለን። ተሰማ ሸሚዙን በጣቱ ወደ ታች ስቦ «እስቲ እዪው፣ እስቲ እዪው» ይለኝ ነበር። እትዬ ከድጃም በየቀኑ ያዩታል፤ «አልሐምዱሊላህ» ብለው ይሄዳሉ። ብልቃጡ ሲያልቅ ሌላ ያስመጣሉ።

ኅዳር ላይ የደም ቀጠሮው ደረሰ። ጠዋት ተሰማ መስተዋት ፊት ቆሞ ጠራኝ።

«ዘውዴ፣ ይህን አንገት ይዤ ነው ሐኪም ፊት የምቀርበው?»

«ምን አለበት?»

«ምን አለበት ትይኛለሽ! ያን ያህል የደከመልኝን ሰው፣ አላመንኩህም ብዬ ሌላ መድኃኒት ደረብኩ ማለት አይደለም? አንድን ጉዳይ ለሁለት ዳኛ ያቀረበ ሰው ምን እንደሚባል አላውቅም?»

እኔም አፈርኩ። እውነቱን ነው፣ ነውር ነው ብዬ አሰብኩ። ሎሚ አዮዲንን እንደሚያለቅቅ ከጣቶቼ ስላወቅሁ፣ አንድ ሎሚ ለሁለት ቆርጬ አንገቱን ዙሪያውን አሸሁት። ቡናማው ቀለም በእጄ ሥር ወዲያው እየነጣ ጠፋ። በሳሙና አጠብኩት።

«ለመርፌ ነው ወይስ ለሠርግ ነው የምታጥቢኝ?» እያለ ይስቃል።

ንጹሕ ነጭ ሸሚዝ አለበስኩትና ሄድን። ኃይሉ ደሙን ቀዳ። ሐኪሙ አንገቱን ዳሰሰ። «ደህና» አለ።

ውጤቱ ታኅሣሥ ላይ መጣ። ሐኪሙ ወረቀቱን ደጋግሞ አነበበው። አንዴ ወረቀቱን ያያል፣ አንዴ ተሰማን ያያል። በኃይሉ በኩል መጠየቅ ጀመረ።

«ልብዎ ቶሎ ቶሎ ይመታል?»

«ይመታል ማለት… መቼም አልቆመም።»

«ላብ? እንቅልፍ ማጣት? ክሳት?»

«ኧረ የለብኝም።»

«ሐኪሙ የሚለው» አለ ኃይሉ፣ «ወረቀቱ እጅግ ከፍ ብሏል። ክኒኑ በዝቶብዎታል ማለት ነው። ምልክቱ ግን አይታይብዎትም፤ ይህ ገርሞታል። ሌላ የሚጠጡት፣ የሚቀቡት፣ ከሌላ ቦታ የተሰጥዎት ነገር አለ ወይ ይላል።»

እንግዲህ ጥያቄው ይኸው። በግልጽ፣ በአማርኛ፣ ለሁለት ማንበብና መጻፍ ለሚያውቁ ሰዎች ቀረበ። ተሰማ ወለሉን አየ። እኔ እሱን አየሁት። ሐኪሙ ደግሞ እኔን ያየኛል፤ ፊቱ ላይ ምንም ቁጣ የለም።

«የለም» አልኩ። የመለስኩት እኔ ነኝ።

ሐኪሙ አሰበ። በዚህ ዕድሜ ክኒን ከመጠን ካለፈ ልብ ይጎዳል፤ ስለዚህ ሙሉ በሙሉ ይቁም፤ ጥር ላይ ሌላ ደም እንልካለን፤ ውጤቱ ሲመጣ እንወስናለን አለ። ወረቀት ላይ ጽፎ ፈርሞ ሰጠን። ተሰማ በክብር አጥፎ ደረት ኪሱ ከተተው። የቀረውን ክኒን በቆርቆሮው እንዳለ ሳጥን ውስጥ አስቀመጥኩ። እብጠቱን ግን ማታ ማታ መቀባቱን አልተውኩም። ጥር ላይ ለሁለተኛው ደም ስንሄድም አንገቱን በሎሚ አጠብኩት። ያን ዕለት ሐኪሙ ሌላ በሽተኛ ይዞ ስለነበር ደሙን ቀድቶ ያሰናበተን ኃይሉ ነው።

ከጥር አጋማሽ ጀምሮ ተሰማ ቢሮ ሲደርስ ይረፍድበታል። የቃላቱ ጫፍ ይቀራል። ፊቱ ጠዋት ጠዋት ያብጣል። አውቀዋለሁኮ! ያንን ሰው ከሦስት ዓመት በፊት አይቼው አውቃለሁ። «ያው በሽታ ተመልሷል» ስለው፣ «ወረቀቱ በዝቷል ነው የሚለው፣ አንቺ ትንሽ ነው ትያለሽ፤ ወይ አንቺ ወይ አዲስ አበባ ተሳስታችኋል» ይለኛል። ደህና በነበረበት ጊዜ ቢሆን ይስቅ ነበር። አሁን ለመሳቅም ይደክመዋል። እንዲህ እያልን ነው ያቺ የፍራሽ ቅዳሜ የደረሰችው።

እሑድ ጠዋት ልቀሰቅሰው ብዙ ታገልኩ። ዓይኑን ይከፍትና መልሶ ይጨፍናል። ትንሽ አጥሚት አጠጥቼው፣ እትዬ ከድጃን አጠገቡ አስቀምጬ ወደ ክሊኒኩ ሮጥኩ። ኃይሉ በር ላይ አገኘኝ።

«ሐኪሙ የለም። ወደ ገጠር ወጥቷል። ማክሰኞ ጠዋት ይመጣል።»

«ኃይሉ፣ ባሌ እየቀዘቀዘ ነው። ክኒኑን ልመልስለት?»

«ወይዘሮ ዘውዴ፣ እንዴት አድርጌ እፈቅድልዎታለሁ?» መዝገቡን አውጥቶ አሳየኝ። «ይኸው ‹ይቁም› ይላል፣ ፈርሞበታል። የጥር ወሩ ደም ውጤት ገና አልመጣም። አሁንም በዝቶ ከሆነና እርስዎ ቢጨምሩበት፣ ልቡ ቀጥ ቢልስ? እኔ ድሬሰር ነኝ፣ ቁስል ነው የማጥበው።»

«ዓይኔ የሚያየውስ?»

«ዓይን ደም ውስጥ አይገባም» አለ። ክፉ ሰው አይደለም። እንባ አቅርሮ ነበር። «ከባሰበት ያምጡት፣ እናስተኛዋለን።»

ቤት ገብቼ የክኒኑን ቆርቆሮ ከሳጥን አወጣሁ። ሠላሳ አራት ክኒኖች ነበሩ። አንዷን ከውሃ ጋር ይዤ አልጋው ጠርዝ ላይ ተቀመጥኩ።

«ተሰማ፣ ይህችን ብቻ ዋጥልኝ።»

ዓይኑን ከፈተ። አየኝ፣ ክኒኗን አየ። ቀስ እያለ፣ ቃል በቃል እየለየ፣ «ዘውዴ… የተፈረደበትን… ጸሐፊ አይለውጥም» አለ። ፊቱን ወደ ግድግዳው አዞረ።

እዚህ ላይ ብዙ ቀን ብዕሬን ጥዬ ተነሥቻለሁ። አፉን ፈልቅቄ ባጎርሰው ኖሮ? አላደረግሁትም። እኔስ ምን አውቃለሁ? ኃይሉ «ልቡ ቀጥ ቢልስ» ብሎኛል። ክኒኗ እጄ ውስጥ እስክትሟሟ ድረስ ይዣት ቆየሁ። ከዚያ ያን ማታም፣ እንደ ልማዴ፣ ላባውን ነክሬ አንገቱን ቀባሁት። ያወቅሁበት ሥራ እሱ ብቻ ነበር።

ሰኞ ጠዋት ጠራሁት፣ አልመለሰልኝም። ይተነፍሳል፣ ግን በአንዱ ትንፋሽና በሌላው መካከል እኔ ሁለት ጊዜ እተነፍሳለሁ። አሁን ፈቃዱን አልጠየቅሁም። ክኒን ፈጭቼ በማንኪያ ውሃ አፉ ውስጥ ጨመርኩ። በጢሙ ላይ ፈሶ ወረደ። ደገምኩ። ወረደ።

«እትዬ ከድጃ! ሰው ይጥሩልኝ!»

«ያ ረቢ!» ብለው በሩን በርግደው ወጡ። የሰፈሩ ወንዶች ክርስቲያኑም ሙስሊሙም ሱቃቸውን ትተው መጡ። አልጋውን ከነሰውዬው ሊያነሡ ሲሉ «አንድ ጊዜ፣ አንድ ጊዜ ብቻ ታገሡኝ» አልኳቸው። ወደ ጓዳ ገባሁ። ሎሚ ቆረጥኩ።

አንባቢዎቼ፣ ባሌ እየሞተ አንገቱን በሎሚ አጠብኩት። አራት ወንዶች ቆመው እየጠበቁ። ሐኪሙ እንዳያይብን ብዬ። ይህን ለማንም ተናግሬው አላውቅም።

መንገዱ ጠባብ ስለሆነ እስከ ፈረስ መጋላ አደባባይ በሸክም ሄድን። በየደጁ ሰው ይነሣል፤ አዛውንቶቹ በአረብኛ ዱዓ ያደርጋሉ፣ አንዲት ሴት «እመብርሃን ትከተልህ» አለች። ከፈረስ መጋላ በታክሲ ወሰድነው። ኃይሉ አልጋ ሰጠን፣ በብርድ ልብስ ላይ ብርድ ልብስ ደራረበ፣ የእጁን ትርታ ቆጠረና ቁጥሩን ለእኔ ሳይነግረኝ ጻፈው። ቀኑንም ሌሊቱንም እግሩን እያሸሁ አነጋሁት።

ማክሰኞ ጠዋት ሐኪሙ ከመኪናው ሳይወርድ ኃይሉ ሮጦ ነገረው። ልብሱ አቧራ እንደለበሰ ገባ። ጉልበቱን በትንሹ መዶሻ መታው፤ እግሩ ዘግይቶ፣ እየጎተተ ተነሣና ዘግይቶ ወረደ። የፊቱን እብጠት በአውራ ጣቱ ተጫነው። ወረቀቱን አስመጣና መልሶ አነበበው። ራሱን ያወዛውዛል። ከኃይሉ ጋር ድምፁን ከፍ አድርጎ ተነጋገረ።

«ሰውነቱ ሁሉ የሚናገረው ክኒኑ እንዳነሰው ነው፣ ወረቀቱ ግን ተቃራኒውን ይላል፤ አንዱ ይዋሻል ይላል» አለኝ ኃይሉ።

በዚህ መካከል እትዬ ከድጃ ገቡ። በአንድ እጃቸው የምግብ ሳህን በጨርቅ ቋጥረዋል። በሌላው እጃቸው ብልቃጡን ይዘዋል።

«ልጄ፣ በጥድፊያ ረስተሽው መጣሽ» አሉኝ። «ትናንት ሳይቀባ አደረ። እንዳያመረቅዝበት ብዬ አመጣሁት። ኢንሻአላህ እኔው እቀባዋለሁ፣ አንቺ ትንሽ ቅመሺ።»

ሐኪሙ ብልቃጡን ከእጃቸው በቀስታ ወሰደ። ሸተተው። የተሰማን ጋቢ ከአንገቱ ገለጠ። ንጹሕ ነበር። ዝቅ ብሎ ከጆሮው ኋላ፣ ጠጉሩ ሥር አየ። እዚያ ሎሚዬ አልደረሰም። ቡናማ ነው።

«ከመቼ?» አለ። በአማርኛ ነው ያለው። ይህን ቃል እንደሚያውቅ አላውቅም ነበር።

«ከመስቀል» አልኩ።

ሐኪሙ አልጋው ጫፍ ላይ ተቀመጠ። ኃይሉ እትዬ ከድጃን «እናቴ፣ ለጥቂት ጊዜ ውጭ ይቆዩን» ብሎ አወጣቸውና መጥቶ አጠገቤ ቆመ። ሐኪሙ እየተናገረ እሱ ተረጎመልኝ። አዲስ አበባ ያለው ማሽን ክኒኑን አያየውም። የሚቆጥረው በደም ውስጥ ያለውን አዮዲን ነው። ክኒኑ አዮዲን አለበት፤ ስለዚህ በአዮዲኑ ብዛት የክኒኑ ብዛት ይታወቃል። በቆዳ የገባ አዮዲን ካለ ግን ማሽኑ ይህ ከክኒን ነው፣ ያ ከብልቃጥ ነው ብሎ አይለይም። ሁሉንም ደምሮ «በዝቷል» ይላል። በዚያ ላይ የታመመ ዕጢን አዮዲን ይበልጥ ያደክመዋል። እኔ ማታ ማታ በላባ ወረቀቱን እጽፍ ነበር ማለት ነው።

«ጠይቀንዎት ነበር እኮ» አለ ኃይሉ። ወቀሳ አልነበረም። እንዲያው የገባው አይመስልም። «ወይዘሮ ዘውዴ፣ ጠይቀንዎት ነበር።»

በአፍንጫው በኩል ቀጭን ላስቲክ አስገብተው ክኒኑን አሟሙተው ሰጡት። በመርፌ የሚሰጥ ዓይነት እንዳለ፣ ግን አዲስ አበባ እንኳ መገኘቱን እንደሚጠራጠር ሐኪሙ ነገረኝ። ክኒኑ ሥራውን ለመጀመር ቀናት ይፈልጋል አለኝ። «ቀናት» ሲል ወደ ተሰማ ደረት አየ። እኔም አየሁ። ደረቱ ሲነሣ ቆጠርኩ።

ማክሰኞ ወደ አሥራ አንድ ሰዓት ላይ ጣቶቹ ትንሽ ሞቁ። እውነት ሞቁ ወይስ የእኔ እጅ ነው ያሞቃቸው፣ እስከ ዛሬ አላውቅም። ዝቅ ብዬ በጆሮው «ተሰማ፣ ወረቀቱ ተሳስቶ ነበር። እኔ ነኝ ያሳሳትኩት። አሁን ዋጥ ተብሎ ተፈርዷል» አልኩት። የዓይኑ ቆብ ተንቀሳቀሰ። ሰማኝ ብዬ አምናለሁ፤ ማመን መብቴ ነው።

ረቡዕ ጠዋት፣ የቤተ ክርስቲያን ደወል ተደውሎ ሲያበቃ፣ አንድ ትንፋሽ ተነፈሰ። ቀጣዩን ጠበቅሁ። ሐኪሙ መጥቶ እጁን ትከሻዬ ላይ እስኪጭን ድረስ ጠበቅሁ። «አይዞህ» አለኝ፣ በወንድ አንቀጽ። ሌላ የማጽናኛ ቃል አያውቅም።

ቀብር ላይ እትዬ ከድጃ ከሰፈሩ ሙስሊም ሴቶች ጋር ከቤተ ክርስቲያኑ ቅጥር ውጭ ቆመው አለቀሱ። ሰባቱን ቀን ምግብ ያመጡልኝ እሳቸው ናቸው።

በአሥራ አራተኛው ቀን ኃይሉ ቤቴ መጣ። የጥር ወሩ ደም ውጤት ደርሶ ነበር። ሊደብቀው አስቦ እንደነበር፣ ነገር ግን ከእንግዲህ ማንም ከማንም ምንም እንዳይደብቅ ብሎ እንዳመጣው ነገረኝ። አነበብኩት። ከኅዳሩም ይበልጥ ከፍ ብሏል። ማኅተሙ ደህና ነው፣ ፊርማው ደህና ነው። እንደዚያ ወረቀት ከሆነ ባሌ በሙቀት ብዛት ሊቃጠል የደረሰ ሰው ነበር።

አንባቢዎቼ፣ ወረቀት ይዋሻል ልላችሁ አልፈልግም። ያቺ የመጀመሪያዋ ወረቀት ሁለተኛዋን ክኒን አምጥታ ከአንድ ዓመት በላይ ደስታ ሰጥታኛለች። ወረቀቱ የተጠየቀውን መለሰ። የተጠየቅሁትን ያልመለስኩ እኔ ነኝ። ለሐኪሙ ክብር ብለን ነው የደበቅነው። እናንተም እንዲሁ ታደርጋላችሁ፣ አውቃለሁ። ጠበል የጠጣችሁትን፣ ሥር የቀቀላችሁትን፣ ጎረቤት የሰጣችሁን፣ «ሐኪሙን እንዳይከፋው» ብላችሁ ትደብቃላችሁ። ታጥባችሁ፣ ንጹሕ ለብሳችሁ፣ አንገታችሁን ደፍታችሁ ፊቱ ትቀመጣላችሁ። ይህን ይሉኝታ ማን እንዳስተማረን አላውቅም። ዋጋው ምን እንደሆነ ግን አውቃለሁ። እንዲህ ብዬ ስመክራችሁ ራሴን ያዳንኩ አይምሰላችሁ። በዚያች እሑድ የነበርኩባት ቦታ ላይ ዛሬም ነኝ፤ ክኒኑ በእጄ አለ፣ ልስጠው ልተወው አላውቅም።

ለእትዬ ከድጃ አልነገርኳቸውም። ያን ዕለት ውጭ ለምን እንዳስወጧቸውም አልጠየቁኝም። ብልቃጡን በፍቅር ያመጡ ሰው ናቸው፤ የቀባሁትም፣ ያጠብኩትም፣ «የለም» ያልኩትም እኔ ነኝ። አማርኛ አያነቡም። ይህን የምታነቡ የሰፈራችን ሰዎች ካላችሁ፣ እባካችሁ አታንብቡላቸው።

አሁን ከሰኞ እስከ ዓርብ ጠዋት አንደኛ ክፍልን አስተምራለሁ። ሐሙስ ከሰዓት በኋላ ክሊኒኩ በር ላይ ባለው አግዳሚ እቀመጥና፣ ደም ሊሰጡ የመጡትን ሰዎች የጠጡትን፣ የቀቡትንና ያሰሩትን አንድ በአንድ እየጠየቅሁ በወረቀት ጽፌ ለኃይሉ እሰጣለሁ።